ታየሁ ወይ?

አዲስ ጫማ የገዛ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መንገዱን ትቶ እግሩን እያየ ይሄዳል። ሰው አይቶለት እንደሆነም በቆረጣ ያረጋግጣል። አዲስ ሌንስ የገዛ ሰው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ባለ ጫማው ቢያንስ እንቅፋት ሲመታው ወደ መንገዱ ይመለሳል፤ ባለ ሌንሱ ግን ራሱ ለሌላው ሰው እንቅፋት ይሆናል። ሰው እያማሁ እንዳይመስላችሁ። የራሴው ጉድ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2001 ዓ.ም. ነው። ውጭ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለገና ሲመጣ አንድ ያገለገለ ሌንስ ይዞልኝ መጣ። ስጦታ አይደለም፤ የከፈልኩት ገንዘብ በዚያን ጊዜ የአንድ ዓመት የቤት ኪራዬ ነበር። ሌንሱ 24-70 ይባላል፣ ኤፍ 2.8። የካኖን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ሲሆን ካሜራው ሳይጨመር ለብቻው 950 ግራም ይመዝናል። አንድ ኪሎ ሊሞላ የቀረው የእፍኝ ቡና ጉዳይ ነው።

ይሄ ሁሉ ብረትና መስታወት ለምን አስፈለገ የምትሉ ካላችሁ በአጭሩ ላስረዳ። ከካሜራው ጋር ከፋብሪካ ተያይዞ የሚመጣው ቀላል ሌንስ፣ ዙም ባደረጋችሁት ቁጥር የብርሃን መግቢያው እየጠበበ ሄዶ ኤፍ 5.6 ላይ ይደርሳል። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። የኔው ግን ቢስቡት ቢያስጠጉት ከ2.8 ንቅንቅ አይልም። ይህም ማለት ከ5.6ቱ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል ማለት ነው። ያኛው አንድ አስራ አምስተኛ ሰከንድ የሚፈጅበትን ፎቶ ይሄኛው በአንድ ስልሳኛ ሰከንድ ይጨርሰዋል። "ፈጣን ሌንስ" የተባለውም ለዚህ ነው። በ24 ሙሉ ክፍሉን ያያል፤ በ70 ደግሞ የአንድን ሰው ፊት ይለያል፤ በመካከሉ ያለው 50 የሰው ዓይን ከሚያየው ጋር ይቀራረባል። የጋዜጣና የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሌላውን ሁሉ ትተው እሱን ብቻ ይዘው የሚወጡት ወደው አይደለም። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1959 የመጀመሪያው ዙም ሌንስ ሲወጣ፣ ዙማር የተባለው የጀርመኖቹ የፎይግትሌንደር ሌንስ፣ 36-82 ኤፍ 2.8 ነበር።

ሌላም ጠባይ አለው። ቀዳዳውን በሰፊው ከከፈታችሁት ትኩረት ያደረጋችሁበት ነገር ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ከሱ ፊትና ኋላ ያለው ግን እንደ ጉም ይሟሟል። ባለሙያዎቹ "ባክግራውንዱን አጠፋው" ይሉታል። እኔ ሌንሱን የወደድኩት በዚህ በማጥፋቱ ነበር። ነገሩ ሁሉ የመጣውም በዚሁ ነው።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ የዩኒቨርሲቲ የዶርም ጓደኛዬ ሊያገባ ሆነ። አገሩ ጭሮ ነው። "ጭሮ" የምለው ለወረቀቱ ነው እንጂ እሱ ራሱ ሲያወራ "አሰበ" ነው የሚላት። ከተማዋን የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ የጨርጨር ገዥ በነበሩ ጊዜ። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉትም እሳቸው ናቸው። ጓደኛዬ ይህን ሳይነግረኝ ያለፈበት ሴሚስተር የለም።

"ሠርግህን እኔ ነኝ የማነሳው፤ ፈጣን ሌንስ ገዝቻለሁ" አልኩት በስልክ።

"አቦ ከጫት አይሱዙ ይፈጥናል?" አለኝ።

ያንን መንገድ የሄደ ሰው ቀልዱ ይገባዋል። አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽን አልፋችሁ፣ አሰቦትን ይዛችሁ ሚኤሶ ስትደርሱ ቆላው ያልቃል። ከሚኤሶ ወደ አሰበ ተፈሪ መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ማሽላውና ጫቱ በእርከን እርከን ገደሉን ይዞት ይታያል። ከፊት ለፊታችሁ ደግሞ ጫት የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ይመጣል። ጫት ሲደርቅ ዋጋው ይወድቃልና ሹፌሩ የሚሽቀዳደመው ከሰው ጋር ሳይሆን ከቅጠሉ ጋር ነው። እኔ አንዱን አይሱዙ በመስኮት አነሳሁት። መኪናው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ተራራው በሙሉ ጠፋ። እሰይ አልኩ።

ከሠርጉ ዋዜማ ማታ ደረስኩ። መብራት የለም። በዚያ ዓመት መብራት በፈረቃ እንደነበረ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሻማና አንድ ኩራዝ በርተዋል። ሴቶቹ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ከጎረቤት የመጡት ሙስሊም እናቶች ደግሞ ለነሱ የሚታረደውን ሥጋ ለብቻ የሚሠሩበትን ድስት እየቆጠሩ ነው። በጨርጨር ከተሞች ሠርግ ሁለት ድንኳን ይኖረዋል እንጂ ጎረቤት አይቀርም።

ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ። የጓደኛዬ አያት ናቸው። የሠፈሩ ልጅ ሁሉ፣ አማርኛ ተናጋሪውም ሳይቀር፣ "አኮ" ነው የሚላቸው፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ጓደኛዬን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ሞታበት፣ በጀርባቸው አዝለው፣ ገበያ ላይ ቡናና ገለባ እየሸጡ ነው ያስተማሩት።

"ልጄ፣ ሆጃ ትጠጣለህ?" አሉኝ። የቡና ገለባ በወተት የሚፈላው ነው። ጠጣሁ።

ከዚያ ካሜራዬን አወጣሁ። ያለ ፍላሽ፣ በኩራዝ ብርሃን ብቻ! ቀላሉ ሌንስ እዚያ ቤት ውስጥ ቢሞት አንድ ደህና ፎቶ አያወጣም ነበር። የኔው ግን አወጣ። የሽንኩርቱን እንባ አነሳሁ፤ የሻማውን ጭስ አነሳሁ፤ የአኮን እጅ አነሳሁ። እጃቸው ታሪክ ነበረው። የተሸበሸበ፣ ጠቆር ያለ፣ ቡናውን እንደ ዶቃ የሚቆጥር። ሰባት ወይም ስምንት ጊዜ አነሳሁት። አኮ ቀና ብለው፣

"እጄን ምን ታደርገዋለህ? ፊት የለኝም ወይ?" አሉኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፊታቸውን ግን አላነሳሁም። እጁ ነበር "ጥበብ" የሆነው።

በማግስቱ ሙሽራዋ መጣች፤ ተዘፈነ፤ ተበላ። ከቀትር በኋላ ግቢው ውስጥ የቤተሰብ ፎቶ ይነሳ ተባለ። ጠራራ ፀሐይ ነው። ሃያ የሚሆን ሰው ተሰለፈ። ከኔ ሌላ የከተማው ፎቶ ቤት ባለቤት መጥተዋል፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ትንሽዬ ካሜራ ከነፍላሿ የያዙ። በዚያ ፀሐይ ፍላሽ ሊያበሩ ነው! በሆዴ ሳቅሁባቸው።

ሰውየው ግን ሌንሴን አይተው ጠጋ አሉኝ። "ወንድሜ፣ ጥሩ ሌንስ ነው። ቁጥሩን ወደ 8 ወይ 11 ውሰዳት። የሰው ረድፍ ብዙ ነው።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ። አልወሰድኩም። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ በ8 የማነሳ ከሆነ ቀላሉ ሌንስ ምን ነበረው? ኤፍ 8ን ማን አጣ? ሌንሱን በ70፣ ቀዳዳውንም እንደተከፈተ 2.8 ላይ ተውኩት። ሃያ ሰው በ70 አይገባምና ሙሽሮቹን መሐል አድርጌ ግራና ቀኙን በየተራ ላነሳ ወሰንኩ።

አኮ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው ከሙሽራዋ አጠገብ ቆመዋል። ነፋስ መጣና ነጠላቸው የሙሽራዋን ቬሎ ሸፈነው። ታዲያ እኔ ምን ብል ጥሩ ነው?

"እማማ፣ እርስዎ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉልኝ።"

አንድ እርምጃ ሄዱ። "ትንሽ ደግሞ።" አንድ ጨመሩ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ በሙሽራውና በሙሽራዋ ትከሻ መካከል ቆሙ። አጭር ስለሆኑ በእግር ጣታቸው ተንጠራርተው፣

"ታየሁ ወይ?" አሉ።

"በደንብ ይታያሉ!" አልኩ። አላየሁም። የሙሽራዋን ሽፋሽፍት ነበር የማየው።

ጋሼም ከኔ ጎን ሆነው፣ ፍላሻቸውን ብልጭ አደረጉ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

አዲስ አበባ ስመለስ ያየ ሁሉ አደነቀ። ሙሽሮቹ ጥርት፣ ከኋላቸው ያለው ሁሉ ደግሞ የቀለም ጭጋግ። "የውጭ መጽሔት ይመስላል" አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ሙገሳ አልነበረም። ጓደኛዬም ትልቁን አሳትሞ ሳሎን ሰቀለው።

ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ማለዳ ስልክ ተደወለ። አኮ አርፈዋል።

አልቅሰን፣ ተጽናንተን፣ ከሳምንት በኋላ ጓደኛዬ እንደገና ደወለ። "ለአርባዋ ፎቶዋን አሳድገን ልናስቀምጥ ነው፤ መቃብሯም ላይ ይለጠፋል። ቤት ያለው የመታወቂያዋ ብቻ ነው፤ ማኅተም ፊቷ ላይ አርፎበታል። አንተ ያኔ ከአራት መቶ በላይ አንስተሃል። አንድ ጥሩ ፈልግልኝ።"

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ከአራት መቶው ውስጥ አኮ ያሉባቸው አስራ ሁለት ተገኙ። ሰባቱ እጃቸው ነው። ሦስቱ ላይ ከጀርባቸው ነው የሚታዩት። የቀሩት ሁለቱ የቤተሰቡ ፎቶዎች ናቸው። ደስ አለኝና አንዱን አሳደግሁት። የሙሽራዋ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። በሁለቱ ትከሻ መካከል ደግሞ አንድ ቡናማ ነገር አለ፤ ከላዩ ነጭ። ቡናማው የአኮ ፊት፣ ነጩ ነጠላቸው ነው። ዓይን የለ፣ አፍ የለ። ከጭስ ጀርባ እንደቆመ ሰው።

ባሳድገው ይብሳል፣ ባሳንሰውም ይጠፋል። ሒሳቡን የሠራሁት ያን ዕለት ነው። ከሦስት ሜትር ላይ፣ በ70 እና በኤፍ 2.8 ስታነሱ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከፊት እስከ ኋላ በድምሩ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ስንዝር ተኩል ገደማ! እኔ "ወደ ኋላ ይበሉልኝ" ያልኳቸው ሁለት እርምጃ ነው። ሌንሱን 35 ላይ መልሼ፣ ቁጥሩን 8 ላይ ባደርገው ኖሮ፣ ከሁለት ሜትር ጀምሮ እስከ ሰባት ሜትር ያለው ሰው ሁሉ በወጣ ነበር። ፀሐዩ እንደሆነ ሞልቶ ተርፏል። የአንድ ጣት ሥራ ነበር።

ያኔ ትዝ ያለኝ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ነው። ሐረር ሆኖ ካሜራ ከሊዮን አስመጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ራሱን በቡና ዛፎች መካከልና በሙዝ አትክልት ውስጥ አንስቶ ለቤተሰቡ ልኳል። ፎቶዎቹ ነጣ ብለው ነው የወጡት። ያጠበባቸው ውኃ ክፉ እንደነበረ በደብዳቤው ነግሯቸዋል። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ውኃ፣ ከባሕር ማዶ በመጣ ዕቃ ላነሳ ሰው ይህ በቂ ምክንያት ነው። ከመቶ ሃያ አምስት ዓመት በኋላ እዚያው ሐረርጌ ምድር ላይ የመጨረሻውን ሌንስ ይዤ ለቆምኩት ለኔ ግን የማመካኝበት ውኃ እንኳን አልነበረኝም።

ለጓደኛዬ ምን ብዬ ልንገረው? ሁለት ቀን ስልኩን አላነሳሁም። በሦስተኛው አነሳሁና እውነቱን ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ "እጇ ግን ደህና ወጥቷል?" አለኝ። እንዲህ ያለው ደግነት ከስድብ ይከብዳል።

ለአርባው አሰበ ሄድኩ። ከመነኸሪያ ወርጄ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ፎቶ ቤቱ ነው። ጋሼ አሉ። ግድግዳው ላይ ሕፃናት፣ ተመራቂዎች፣ የወታደር ልብስ የለበሱ ወጣቶች ተደርድረዋል። ጉዳዩን ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ከመደርደሪያቸው አንድ የጫማ ካርቶን አወረዱ። ውስጡ ሲዲ ነው፤ እያንዳንዱ ላይ ወርና ዓመት በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። "ጥር 2001" የሚለውን አወጡ።

ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ተከፈተ። ውበት የሚባል የለውም። ፍላሹ የሰዉን ግንባር አንጸባርቆታል። የድንኳኑ ምሰሶ፣ አጥር ላይ የተንጠለጠለው ልጅ፣ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ፣ ሁሉም አለ። ሙሽራዋም አለች። በትከሻቸው መካከል ደግሞ አኮ አሉ። በጣታቸው ተንጠራርተው፣ አገጫቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ሌንሱን ትክ ብለው እያዩ። ከግራ ቅንድባቸው በላይ ትንሽ ጠባሳ ነበረቻቸው፤ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ አብሬያቸው ውዬ አላየኋትም ነበር። ፀሐዩ ከአናት ስለነበር ዓይናቸው ጉድጓድ ውስጥ ጥላ መሆን ነበረበት፤ አልሆነም። ያ የሳቅሁበት ፍላሽ አብርቶታል። በቀን ፍላሽ ለምን እንደሚበራ የገባኝ ያኔ ነው።

ጋሼ ፊቱን ለብቻው ቆርጠው፣ አሳድገው አወጡልኝ። ልከፍላቸው ስል "የለቅሶ ነው፤ አይከፈልበትም" አሉ። ልወጣ ስል ግን አላለፉኝም። "ያቺ ሌንስህስ፣ ደህና ናት?"

"ደህና ናት ጋሼ።"

"ጥሩ ሌንስ ናት እኮ" አሉ። የተናገሩት ከልባቸው ነበር።

እውነታቸውን ነው፤ ሌንሱ ምንም አላጠፋም። ያለ እሱ የዚያን ዕለት ማታ የኩራዙ ቤት አይኖረኝም ነበር። ያጠፋው "ማን ወደ ፊት፣ ማን ወደ ኋላ" ብሎ የወሰነው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ታዲያ ፎቶ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ይሄዳል። እስቲ እናንተም የቤታችሁን አልበም አውጡና እዩት። እናታችሁ ስንቱ ላይ አለች? ካለችም ጫፍ ላይ ናት፤ ትሪ ይዛ፣ ወይ ግማሽ ትከሻዋ ተቆርጦ። የበላነውን ያበሰለችው እሷ ሆና ሳለ ፎቶው የተነሳው እሷ ጓዳ እያለች ነው። የስብሰባ ፎቶዎችንም እዩ። ሪባን የሚቆርጠው የክብር እንግዳ ጥርት ብሎ ይታያል፤ መንገዱን በእጁ የቆፈረው ሰው ከኋላ ቡናማ ጭጋግ ሆኗል። የድርጅቶችን የዓመት መቁጠሪያ ተመልከቱ። የሐረርጌ ገበሬ በማሽላው መካከል ቆሞ ይስቃል፤ ከሥሩ የድርጅቱ ስም አለ፤ የገበሬው ስም የለም። ይሄኛው ደግሞ ያለ ሌንስ ማደብዘዝ ነው።

ዛሬ ነገሩ ቀሏል፤ ወይም ብሷል። እንደኔ ያለውን ባለ መስታወት ካሜራ ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም ወደ ጎን እየተውት ነው። ሰዉ ሁሉ በኪሱ ስልክ ይዟል፤ ስልኩም ራሱ እያሰላ ከኋላ ያለውን ያደበዝዛል። ያን ዕለት የዓመት ኪራይ ከፍዬ የሠራሁትን ስህተት አሁን ማንም በነፃ ሊሠራው ይችላል።

እኔ ሌንሱን አልሸጥኩትም። ዛሬም ሠርግና ለቅሶ ይዤው እሄዳለሁ። ማታ ማታ፣ መብራት በሌለበት 2.8 አደርገዋለሁ፤ ለዚያ ነው የተሠራው። ሰው ሲሰለፍ ግን መጀመሪያ ረድፉን እቆጥራለሁ፤ ቀጥሎ ቁጥሩን 8 ላይ አደርጋለሁ፤ አሮጊትና ሽማግሌ ካለ "እርስዎ ወደ ፊት" እላለሁ። ባለፈው ጥር እዚያው ጭሮ፣ የጓደኛዬ የእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ፣ አንዲት እናት ከኋላ ሆነው፣

"ልጄ፣ ታየሁ ወይ?" አሉኝ።

"ቆይ እማማ፣ ልይ" አልኩ። ካሜራውን አውርጄ፣ ያነሳሁትን አሳድጌ፣ ፊታቸውን ፈልጌ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ነው መልስ የሰጠኋቸው።